ሽማግሌ የመለስኩበት እሁድ

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። «ተቀመጡ» ብላቸው እንቢ አሉ። በእኛ በቡሬ ገጠር ሽማግሌ የመጣበትን ሳያገኝ አይቀመጥም፤ እኔም አብሬ ቆምኩ።

የመጡት ለማሚቱ ነው። ማሚቱ የልጄ የያምሮት የክርስትና እናት ናት። ልጄን በአሥራ ሰባት ዓመቷ «ሳዑዲ ሥራ አለ» ብላ ለደላላ አሳልፋ የሰጠቻት እሷ ናት። ልጄ ሳዑዲን አላየችም። የመን ላይ ደላሎቹ ሰባት ወር አግተው ገርፈው፣ እጇን ሰብረው ለቀቋት። አሁን በር ሲንኳኳ አልጋ ሥር ትገባለች። ማክሰኞ ፍኖተ ሰላም፣ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ቃላችንን ልንሰጥ ተቀጥረናል።

«ክሱን ተይው» አሉ ከሽማግሌዎቹ ታላቁ፣ አባ ስመኘው። «ክርስትና አይከሰስም።»

«ክርስትናን መች ከሰስኩ፤ ደላላዋን ነው እንጂ።»

«አፍሽ አይሞትም አንቺ ሴት!»

«ከሞተማ ማክሰኞ ምን ይዤ እሄዳለሁ?»

አንደኛው ሳቅ ሊያመልጠው ሲል አፉን በጋቢው ያዘ። አባ ስመኘው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እሺ፣ ሂጂ። ስንቋን ማን ቋጠረ ሲሉሽ ምን ትያለሽ? አንቺም ብትታሰሪ ልጅቱ ማን አላት?»

ገብሱን ቆልቼ በሶ የፈጨሁት እኔ ነኝ። «አልሄድም» ብላ ስታለቅስ፣ «የክርስትና እናትሽ ትጎዳሻለች እንዴ?» ብዬ የተቆጣኋትም እኔው። ለፖሊስ ግን «ራሷ ወድዳ ሄደች» ነው ያልኩት። ያምሮት ይህን ስል አጠገቤ ሆና ሰምታኛለች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቶቼ። እንቢ ብያለሁ» አልኳቸው። ሽማግሌ ስመልስ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ሳይመርቁኝ ወጡ።

ማክሰኞ ዐቃቤ ሕጉ እስክሪብቶውን ሲያነሣ ቀደምኩት።

«መጀመሪያ የእኔን ጻፍ፣ ልጄ። ወድዳ ሄደች ያልኩት ውሸት ነው። አልሄድም እያለች የሰደድኳት እኔ ነኝ።»

መጻፉን አቆመ። «እናቴ፣ ይህ እርስዎንም ሊያስጠይቅ ይችላል። ያውቃሉ?»

«ነግረውኛል። ጻፈው።»

ያምሮት ከቡሬ ጀምሮ በነጠላዋ የሸፈነችውን ፊቷን ገለጠች። እኔን አላየችኝም።

«አልሄድም ብዬ ነበር» አለችው። «አልቅሼ ነበር።»

ቃሏን ጻፈ። ውኃ አስመጣላት። እሷም ብርጭቆውን በደኅና እጇ እንደያዘች፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ማሚቱ ያደረገችውን ከመጀመሪያው ቀን አንሥታ መናገር ጀመረች።