ሁለት ካምቢዮ ለሚጥሚጣ

ኤጄታ የተቀመጠው ሟቹ ሲደክምበት የከረመው ካምቢዮ ላይ ነበር፤ እሱ ግን አያውቅም።

ጥፋቱ የማንም አይደለም። እድሩ ካመጣቸው አግዳሚ ወንበሮች አንዱ እግሩ ተሰብሮ መጣ። ድንኳን ተካዮቹ ግራ ቀኝ ሲያማትሩ ግቢው ውስጥ ከቆመችው መኪና ጎን የተቀመጠ ከባድ ብረት አገኙና ከወንበሩ ሥር ሸጎጡት፤ ከላይ ምንጣፍ አነጠፉበት፤ አበቃ። ፊት ለፊት ፍራሽ ላይ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የተቀመጠችው ሃዋኒ ግን ከምንጣፉ ሥር ያለውን ታውቃለች። አባቷ ኦቦ ደቻሳ ሦስት ወር ሙሉ ያጠበው፣ የፈታውና መልሶ የገጠመው የማርሽ ሳጥን ነው። «እባካችሁ ከላዩ ተነሡ» ማለት አማራት። ግን ለቀስተኛን ተነሥ የሚል ሐዘንተኛ የት አገር አለ?

መኪናዋም ከለቅሶው አልቀረችም። መንቀሳቀስ ስለማትችል ድንኳኑን እሷን ጭምር አቅፈው ተከሉት። ሸራ ለብሳ ጥግ ላይ ቆማለች። አምቦ ውስጥ የሚያውቃት ሁሉ ሚጥሚጣ ይላታል፤ ትንሽ ናት፣ ቀይ ናት፣ ስትነሣም ታቃጥላለች። ሁለት በር ብቻ ያላት የስፖርት መኪና ናት። አሁን ግን ሆዷ ባዶ ነው።

«ሞተሩ የሚፈልገው ትልቁን ካምቢዮ ነው» አለ ኤጄታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እሱም መካኒክ ነው፤ ከደቻሳ ጋር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደንበኛ ሲነጣጠቁና ቁልፍ ሲዋዋሱ የኖሩ ወዳጆች ናቸው። «ጋራዡ መደርደሪያ ላይ አይታችሁት የለም? ከስፖርት መኪና የወጣ ነው። ማርሹ የተቀራረበ፤ የወንጪን ዳገት ሲወጣ የሞተሩ ትንፋሽ አይቆረጥም። እንዲህ ያለውን አስቀምጦ ከተራ የቤት መኪና የወጣ ካምቢዮ ልግጠም ማለት ምን ይባላል?»

«ዕድሜ ነዋ» አለ ጎኑ ያለው ሰው።

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» አሉ አንድ ሽማግሌ ንፍሮ እየዘገኑ። «እሱ ያውቃል።»

«ያውቅ ነበር ይበሉ እንጂ» አለ ኤጄታ። ወዲያው የተናገረው ነገር ራሱን አሳዘነው።

ሃዋኒ ሁሉንም ሰምታለች። ሴቶቹ በበኩላቸው ስለ እሷ ሲንሾካሾኩም ሰምታለች። ትናንት ስትቀብር አላለቀሰችም፤ ዛሬም አላለቀሰችም። የግድግዳ ጎረቤቷ አዴ ድንቅቱ ጠጋ አለቻት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አልቅሺ እንጂ። የታፈነ እንባ በሽታ ይሆናል።»

«ቶሌ» አለች ሃዋኒ፤ እሺ ማለቷ ነው። እንባው ግን በእሺታ አይመጣም። ከእንባዋ ፊት የቆመ ነገር አለ፤ ለአባቷ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል።

ሃዋኒ በሦስት ዓመቷ ትኩሳት አደረባትና ትኩሳቱ ሲለቃት ግራ እግሯን ይዞባት ሄደ። እግሩ አለ፤ አይታዘዝም እንጂ። እናቷ ቀድማ ስለሞተች ያሳደጋት አባቷ ነው፤ ያሳደጋትም ጋራዥ ውስጥ ነው። በዘጠኝ ዓመቷ ከሚሠራው መኪና ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ማርሽ የሚቀይሩ ሹፌሮችን እያየች፣ «እኔም ሳድግ እንደዚህ እቀይራለሁ» ትል ነበር። ሰው ሁሉ ይስቅና «ለአንቺ አውቶማቲክ ነው የሚሻልሽ» ይላታል። እየቆየች እሷም እንደዚያው ማለት ጀመረች።

ጉደር የሒሳብ መምህርት ሆና ስትቀጠር በየጠዋቱ ባጃጅ ትጠብቅ ነበር። የመካኒክ ልጅ በባጃጅ! ጎረቤቱ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እያለ ቀለደባት። ያኔ ነው ደቻሳ አዲስ አበባ ሄዶ ሚጥሚጣን ይዞላት የመጣው። አውቶማቲክ ስለሆነች ቀኝ እግር ብቻ ይበቃታል። ሃዋኒ ዓመት ከመንፈቅ ነዳቻት። በመንፈቁ ማብቂያ ያረጀው አውቶማቲክ ካምቢዮ ሞተ። ምትኩን አራት ወር ፈልገው አጡ።

አንድ ቀን ደቻሳ ምሳ ላይ እጁን እየታጠበ «ማንዋል ልገጥምባት ነው» አለ።

ሃዋኒ ጉርሻዋ እጇ ላይ ቀረ። ማንዋል ማለት ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ፍሪሲዮን መርገጥ ነው። ፍሪሲዮን የሚረገጠው በግራ እግር ነው። ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለመካኒክ ደግሞ በጭራሽ።

«ለማን ነው የምትገጥመው?» አለችው።

«ቆዪ» አላት።

ደቻሳ እንዲህ ነው። የሠራውን መኪና ጊንጪ ድረስ ነድቶ፣ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶና ተመልሶ ካላየው «ተሠራ» አይልም። ባለቤቱ ቢለምነው፣ ቢቆጣው፣ «ቆይ» ነው መልሱ። ሃዋኒ ይህን ጠባዩን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ የተቀየመ ሰው ግን የሚያውቀውንም ይረሳል። ሦስት ወር ሙሉ ጋራዡ ውስጥ ሲንኳኳ እየሰማች አንድ ቀን ገብታ አላየችም። መዳፉን በጨርቅ ጠቅልሎ ለእራት ሲቀርብም ምን ሆንክ አላለችውም።

ከመሞቱ አምስት ቀን በፊት በሩ ላይ ጠራት። እጁ ላይ የመኪና ገላ ስርጉድ የሚሞላበት ስቱኮ ነበር፤ ሊደርቅ የተቃረበ፣ እንደ ጠጣር ሊጥ የተድቦለቦለ።

«በግራ እጅሽ ጨብጪልኝ። በደንብ» አላት።

ንዴቷን ሁሉ አውጥታ ጨበጠችው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ወረወረችው።

«እግሬን የረሳህ ሰው እጄን ምን ያደርግልሃል?»

ደቻሳ ጎንበስ ብሎ የወደቀውን ሲፈልግ ትታው ገባች። ከዚያ ወዲያ «እራት ቀርቧል» ካልሆነ በቀር አልተነጋገሩም። ረቡዕ ጠዋት ጋራዡ በር ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ። ለዚህ ነው የቀብሩ ዕለት አጎቷ ኦቦ አመዩ ስለ መኪናዋ ሲጠይቃት ያላመነታችው።

«ዓይንሽ ባረፈባት ቁጥር ታንገበግብሻለች» ነበር ያላት አጎቷ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከደንዲ በሌሊት ተነሥቶ የመጣው ለእሷ አዝኖ ነው። «ጉደር የሚገዛ ሰው አለ። ከሁለቱም ካምቢዮ ጋር ይውሰዳት። ለአንቺ እንደሆነ ከእንግዲህ አትሆንሽም።»

«ውሰዱልኝ» አለች።

ጭነት መኪናው በሳልስቱ ዕለት፣ ድንኳኑ ሲነሣ እንዲመጣ ተቀጠረ።

በሳልስቱ ቀን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሮቤራ መጣ። ሮቤራ ከጉደር አምቦ ባጃጅ የሚነዳ፣ ሁለት ልጆች ያሉት ሰው ነው፤ ሃዋኒን ስንት ጠዋት አመላልሷታል። ዘመድ ጥየቃ ጌዶ ሄዶ ስለነበር መርዶውን የሰማው ከቀብሩ በኋላ ነው። ድንኳኑ በር ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ፤ አንሥተው አስቀመጡት። የሚጠጣ ቡና ሰጡት። በመሐል ኦቦ አመዩ ለሽማግሌዎቹ «መኪናዋን የሚወስደው ሰው መንገድ ላይ ነው» ሲል ሰማ።

ሮቤራ ስኒውን መሬት አስቀመጠ።

«የቷን መኪና?»

«ሚጥሚጣን ነዋ።»

«አይሆንም!» አለ ሮቤራ። ድምፁ ከለቅሶ ቤት ልክ በላይ ወጣ። ሰው ሁሉ ዞረ። «ይቅርታ አድርጉልኝ። ለማንም ላልናገር ምዬ ነበር፤ ግን ያስማሉኝ ሰው አፈር ለብሰው እኔ ምን ልጠብቅ?» አለና ከኪሱ የተጣጠፈ ጨርቅ አወጣ። ከአሮጌ ጋቢ የተቀደደ፣ ክንድ ተኩል የሚሆን፣ ግሪስ የጠገበ ጨርቅ ነው። ሃዋኒ ጋቢውን አወቀችው።

«ኦቦ ደቻሳ መጡና ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ባጃጅህን አስነዳኝ አሉኝ» አለ። «ምን ሊያደርግልዎ ስላቸው፣ ፍሪሲዮን በእጅ መያዝ ልማር አሉ። የባጃጅ ፍሪሲዮን በግራ እጅ እንደሚያዝ ታውቃላችሁ። ሳቅሁባቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ይህን ጨርቅ አውጥተው ግራ እግራቸውን ከወንበሩ ብረት ጋር ጥፍር አድርገው አሰሩት።»

«እግሩን ምን ነካው?» አለ ኤጄታ።

«እኔም እንደዚሁ ጠየቅኋቸው። ‹ያጭበረብራል› አሉኝ። ‹ኩርባ ላይ ሳላስበው ይደገፍልኛል። የእሷ አይደገፍላትም። እሷ የምታውቀውን እኔ ካላወቅሁ ምን ብዬ ነው የምሠራላት?›»

ንፍሮ የሚያዞረው ሰው ሳህኑን እንደያዘ ቆመ። ከሴቶቹ በኩል አንዲት «እሰይ አባት» አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«እስከ ጉደር እየሄድን ፍሪሲዮን የጨበጡበትን ይቆጥራሉ። በገበያ ቀን ደርሶ መልስ መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ነው። ከዚያ የትልቁን ካምቢዮ ፍሪሲዮን ጋራዥ ውስጥ አስረው በእጃቸው ሞከሩት። አንድ ቀን ስመጣ መዳፋቸው ተልጧል። ‹ሠላሳኛው ላይ እጄ ለቀቀኝ› አሉኝ። ‹የሚያምረው ይህ ነው፤ የሚሮጠውም ይህ ነው፤ ለእሷ ግን አይሆንም።› የትንሹ ፍሪሲዮን በሽቦ ገመድ ይሳባል፤ ለስላሳ ነው። መቶ አሥራ ሁለቱን ጨብጠው ሲጨርሱ እንደ ልጅ ሳቁ። ‹ሚጥሚጣ ትንሽ ብትዘገይ ምን አለበት› አሉ፤ ‹ልጄ ማርሽ ልትቀይር ነው።›»

ሃዋኒ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። «ለምን አልነገረኝም?» አለች፤ ለማን እንደሆነ አልታወቀም።

«ጊንጪ ደርሳ ሳትመለስማ አይነግሩሽም» አለ ሮቤራ።

ኤጄታ ወደ ሮቤራ ዞረ። «ትንሹ ካምቢዮ የት ነው ያለው?»

«ከሥርዎ ነው» አለች ሃዋኒ።

ኤጄታ እሳት ላይ የተቀመጠ ያህል ዘልሎ ተነሣ። ምንጣፉን ገለጠ፤ ተንበረከከ። አንድም የዘይት ጠብታ የሌለበትን፣ ብሎኖቹ አዲስ የሆኑትን ካምቢዮ በመዳፉ ዙሪያውን ዳሰሰው። የፍሪሲዮኑን ክንድ በሁለት ጣቱ ገፋ ሲያደርገው ክንዱ እሺ ብሎ ሄደለት። ሠላሳ ዓመት መኪና የፈታ ሰው እንደዚያ አፉን ከፍቶ ሲቀር ማንም አይቶ አያውቅም።

«ደቻሳ» አለ ካምቢዮውን፣ «አሳፈርከኝ እኮ።»

ይህን ጊዜ የጭነት መኪናው ጥሩምባ ከውጭ ተሰማ። ኦቦ አመዩ ተነሣ፤ ግን አልሄደም። ሁሉም ሃዋኒን ያያል።

ሃዋኒ ምርኩዟን ይዛ ተነሣች። ሰው መንገድ ከፈተላት። ሸራውን ከሚጥሚጣ ላይ ገፈፈችና በሩን ከፍታ ገባች። ስትቀመጥ ግራ ጭኗ አንድ ለስላሳ ነገር ላይ አረፈ፤ በሩ ላይ ስፖንጅ ተሰፍቶበታል፣ ኩርባ ላይ እንዲደግፋት። ከመሪው ጀርባ በግራ በኩል አንድ የብረት ማንሻ ወጥቷል። ጫፉ ላይ ግራጫ መያዣ አለ፤ ደርቆ፣ ለስልሶ፣ በቀጭኑ ቫርኒሽ የተቀባ። መያዣው ላይ አራት ጉድጓዶች ተደርድረዋል። አወቀችው። ግድግዳው ላይ የወረወረችው ስቱኮ ነው።

ጣቶቿን አስገባች። ትንሿ ጣቷ ሳትቀር ቦታ ቦታዋን አገኘች። ያን ቀን የጨበጠችው በንዴት ስለነበር ጉድጓዶቹ ጥልቅ ናቸው፤ እሱም አንዱን እንኳን አልሞላውም፣ አላስተካከለውም። የእጇን ልክ ብቻ ሳይሆን ኃይሏንም ነው የወሰደው።

ኤጄታ ከፊት የሞተሩን ክዳን ከፍቶ፣ ካምቢዮው በሚገባበት ባዶ ቦታ ተንጠልጥሎ የቀረውን የሽቦ ገመድ ጫፍ በእጁ ያዘ።

«ጨብጪ እስቲ!» አላት።

ሃዋኒ ጨበጠች።

«ሳበ!» ብሎ ጮኸ ኤጄታ፤ ድምፁ ተሰበረ። «ጣቴን ነው የሳበው! ዋቃ ያውቃል፣ እንደ ቅቤ ነው!»

ኦቦ አመዩ ወደ በሩ ሄደና ለጭነት መኪናው ሹፌር እጁን አወዛወዘ። «ተመለስ» አለው። «አትሸጥም። ገና ጊንጪ ደርሳ አልተመለሰችም።»

ኤጄታ በሸሚዙ እጅጌ ዓይኑን ጠረገ። «በይ ልቀቂው እንግዲህ» አለ፤ «ሰኞ መጥቼ ካምቢዮውን እኔ እገጥመዋለሁ።»

ሃዋኒ ግን አልለቀቀችውም። ግንባሯን መሪው ላይ አስደግፋ ጮክ ብላ አለቀሰች፤ እጇ መያዣውን እንደጨበጠ ነበር።