የአሮጌው ቀሚስ ልክ

ልብስ ሰፊው ሴትዮዋን ገና ከደጃፉ ሲያያት አልወደዳትም። ጫማዋ አዲስ፣ ፈገግታዋ የተጠና። «የቢሮ ሰው ናት» አለ በሆዱ።

ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ዓምና የሌላ እምነት ሙሽራ ልታሰፋ ብትመጣ «ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም» ብሎ መልሷት ተከሶ ነበር። ሹሞቹም «በርህን ለሕዝብ ከከፈትክ መርጦ ማስተናገድ የለም፤ ሁለተኛ አቤቱታ ከመጣብህ ሱቅህ ይታሸጋል» ብለው አስጠነቀቁት። ደንበኛ መስለው የሚመጡ ሰላዮች አሉ ሲባል ከሰማ ወዲህ ደግሞ ቁልፍ ሊያስተክል የመጣውን ሁሉ ከእግር እስከ ራሱ ይመረምራል። ልቡ ግን አልተመለሰም። ቀን የሰፋው ማታ ጸሎቱ ላይ እንዳይቆምበት ይፈራል።

«የሙሽራ ቀሚስ ነበር፣ ጋሼ» አለች ሴትዮዋ። ሙሽሮቹ የሚጋቡበትን ቤተ እምነትም ሳይጠይቃት ነገረችው። ያው የፈራው ነው።

«መጣችልህ!» አለ ለራሱ። ለእሷ ግን ማር ሆነ። «ምን ችግር አለው፣ እህቴ! ሙሽራዋ ትምጣና እንለካታለን።»

«መምጣት አልቻለችም። በዚህ ልክ ይስፉላት» ብላ ከፌስታል አሮጌ ቀሚስ አወጣች።

ሙሽራ የሌለበት ሰርግ! አሁን ጥርጣሬው እርግጥ ሆነ። ወጥመዱን ሊያገኝ ቀሚሱን ገልብጦ ስፌት ስፌቱን ይበረብር ጀመር። ግራ ትከሻው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። አንዱ ትከሻ ዝቅ ማለቱ እንዳይታወቅ ከውስጥ ስስ ጥጥ ተደርቦበታል። እንዲህ አድርጎ የሰፋው በሕይወቱ ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሃይማኖቷን ስትቀይር «ዓይንሽን እንዳላየው» ብሎ ላባረራት ልጁ።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጥርጣሬው ግን አሁንም አልለቀቀውም።

«እምቢ ሲል ክሰሺው ብላ ነው የላከችሽ?»

«ኧረ በፈጣሪ! እምቢ ካለሽ የትም ሄደሽ እንዳትናገሪ፣ እምነቱ ነው፤ ቀሚሴን ብቻ መልሺልኝ ነው ያለችኝ።»

ሹም የለ፣ ክስ የለ። እምቢ ቢል የሚሰማ የለም። ይኼ ከወጥመድ ሁሉ የባሰ ሆነበት። ቀሚሱን አጣጥፎ መለሰላት። ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ ወደ በሩ ዞረች።

«ቆዪ!» አለ። ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። «ልስፋ አልስፋ ገና ከፈጣሪዬ ጋር አልጨረስኩም። ይኼ ግን የድሮ ልኳ ነው በያት። ራሷ ትምጣና ትለካ።»