አንዴ ብቻ የተጠራሁበት እራት

ሚስስ ቻን ዓርብ ዓርብ ሱቄ ስትገባ «ምስር አለ?» ብላ አትጠይቅም። መደርደሪያውን ራሷ ታይና እጇን ዘርግታ «ዳይ ባ!» ትላለች። በካንቶንኛ ሞልቷል ማለት ነው። ከሱቄ ፊት፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ፓርኪንግ ፍለጋ የሚዞረው መኪና፣ ዳይ ባ። የኔ ንጭንጭም፣ ዳይ ባ። «ደንበኛውስ የታል?» ስላት ወንበር ስባ ትቀመጥና «ዳይ ባ ሲ ጋን» ትለኛለች፤ ጊዜ ሞልቷል። ዘጠኝ ዓመት አመንኳት።

ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ዓርብን የምጠብቀው ለሚስስ ቻን ነበር። ይኸው ተናገርኩት! ለእሷ ግን አልነገርኳትም። ምን አስቸኮለኝ፣ ጊዜው ሞልቷላ!

ባለፈው ዓርብ በእሷ ፈንታ ልጇ ዳኒ መጣ። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ጨዋ ጎልማሳ ነው። «ሚስተር አስፋው፣ እማዬ ነገ ጠቅልላ ወደ ቴክሳስ፣ እኔ ጋ ልትገባ ነው። ዛሬ እራት ከእኛ ጋር ይብሉ ብላ ልካኛለች» አለኝ።

ልቤ ዘለለ። ግን ሰው በተጠራ ቁጥር እንደ ረሃብተኛ ብድግ ይላል እንዴ? «አይ፣ አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ» አልኩት። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።

ዳኒ «ኦኬ፣ ኖ ፕሮብለም» ብሎ ወጣ።

ኧረ በሞቴ በል እንጂ! አንዴ ድገምልኝ አንተ ሰው! እስከ በሩ ተከተልኩት፤ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ቤቷ በፒኮ አውቶቡስ ሁለት ፌርማታ ነው። ይሉኝታ እግሬን አሰረኝና ኮቴን እንደለበስኩ በሩን ሳይ አመሸሁ።

በማግስቱ ዳኒ አንድ ትልቅ የምግብ ዕቃ ይዞ ተመለሰ።

«እማዬ ማለዳ በረረች፤ እኔ ዕቃዋን ልጭን ቀረሁ» አለኝ። «ትናንት ወንበርዎን አላስነሳም ብላ ስትጠብቅዎ አመሸች። አንዴ ብቻ እንደጠየቅሁዎ ስነግራት ተቆጣችኝ። ‹ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ነው የሚለመነው!› አለችኝ። አላወቅሁም፣ ይቅርታ።»

«አንተ ምን አጠፋህ» አልኩት።

ዳክዬው፣ ዓሣው፣ ሩዙ፣ ክዳኑ አልገጥም እስኪል ጠቅጥቃዋለች። ዳኒ ሲሄድ ወንበሯን ከፊት ለፊቴ ሳብኩ።

«በልቻለሁ» አልኩ ጮክ ብዬ።

ባዶ ወንበሯን እያየሁ ጠበቅሁ።

«በእውነት፣ ጠግቤያለሁ።»

በሦስተኛው እያለቀስኩ በላሁ።