ሩቂያ መኪናዎቹን የደረደረችበት መንገድ

በስፌት መኪና ድምፅ በተሰየመው በመኪና ግርግር ጎዳና ላይ በየደጁ ተቀምጠው ሲሰፉ የኖሩ አሥራ ሁለት ልብስ ሰፊዎችን ከነመኪናዎቻቸው አስነሥቶ ኤረር በር አጠገብ ወዳለ አንድ አዳራሽ ማስገባት ቀላል ነገር አልነበረም። የቀድሞ ተማሪዬ ሩቂያ ግን በሁለት ወር ልመና አስገባቻቸው። ስምምነታቸው ግልጽ ነበር፤ ለአንድ ትምህርት ቤት የታዘዘው ሦስት መቶ የደንብ ልብስ እስከ ሰኞ ከደረሰ አብረው ይቀጥላሉ፤ ካልደረሰ እያንዳንዱ መኪናውን ተሸክሞ ወደ ጎዳናው ይመለሳል።

አዳራሹን ሳየው ደስ አለኝ። ቆራጮች በአንድ ረድፍ፣ እጅጌ ሰፊዎች በሌላው፣ ኮሌታ ሰፊዎች በሦስተኛው፣ ቁልፍ የሚተክሉት በመጨረሻው ተቀምጠዋል። ማንም የሌላውን ሥራ እንዳይነካ ደንብ ወጥቷል። በሐዘንም በደስታም የማይለያዩ ሰዎች ጎን ለጎን ቢሆኑ ወሬውም ሥራውም ይሰምርላቸዋል ብላ፣ ሩቂያ የአንድ አፎቻ፣ ማለትም የአንድ ዕድር፣ ወንዶችን በአንድ ረድፍ አስቀምጣለች። ሠላሳ ዓመት የድርጅት አስተዳደርን ታሪክ አስተምሬአለሁ፤ ከማንቸስተር እስከ ኦሳካ ፋብሪካ ጎብኝቻለሁ፤ አደራደሩን መርምሬ አንድም እንከን አላገኘሁበትም።

ሐሙስ ጠዋት፣ የኮሌታ ሰፊዎቹ አፎቻ አባል የነበሩ አንድ ሽማግሌ ማረፋቸው ተሰማ። ነስሮና ሁለት ባልደረቦቹ «ኢና ሊላሂ» ብለው መቀሳቸውን አስቀምጠው ወጡ። ረድፉ በሙሉ ባዶ ሆነ። የአፎቻ ሰው ከቀብርና ከሦስት ቀኑ ለቅሶ፣ ከተእዚያው፣ መቅረት እንደማይችል ሩቂያ ታውቃለች፤ የራሷን አባት የቀበረው አፎቻ ነው። እስከ ከሰዓት አንገታቸው የተራቆተ ሸሚዞች ጠረጴዛው ላይ ተከመሩ፤ ቁልፍ የሚተክሉትም እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ከሦስቱ አንዱን ብቻ እንዲለቁላት ወደ ሐዘንተኞቹ መልእክት ልትልክ ስትነሣ፣ በዕድሜ ሁሉንም የሚበልጡት ቆራጩ አው ሙሜ አስቆሟት።

«ልጄ፣ አንቺ አንድ ሥራ ለአንድ አፎቻ ሰጠሽ፤ ሞት ግን የሚጠራው አፎቻውን በሙሉ ነው።»

ከዚያም እየሳቁ የጎዳናውን ሥርዓት አስረዷት። እዚያ ሳሉ በስተቀኛቸውም በስተግራቸውም የሚቀመጡት የሌላ አፎቻ ሰዎች ነበሩ፤ አባቶቻቸው ሆን ብለው ነበር እንዲያ የተቀመጡት። አንዱ ለቀብር ሲነሣ ጎረቤቱ የተጀመረውን ልብስ ከመኪናው ላይ አንሥቶ ይጨርስለታል፤ ደንበኛው ሰፊው መለወጡን እንኳ አያውቅም። እኔም በዚያ ጎዳና ዕድሜዬን ሙሉ ስመላለስ እንዲህ የታሰበበት ድርጅት መሆኑን ሳላስተውል ኖሬአለሁ።

ሩቂያን ያደነቅኳት ከዚህ በኋላ ባደረገችው ነው። ለመከራከርም ለማፈርም ጊዜ አላባከነችም። ደንቧን በዚያችው ሰዓት ሻረች፤ መኪናዎቹን እያስነሣች እያንዳንዱን ሰው ከሌላ አፎቻ ሰው ጎን አስቀመጠች። የሥራው ክፍፍል አልፈረሰም፤ ሆኖም ጎረቤት የጎረቤቱን ሥራ ይሸፍን ተባለ። ሁሉም ሙሉ ሸሚዝ እየሰፉ ያረጁ ናቸውና ኮሌታ አልከበዳቸውም። እሑድ ነስሮ ከተእዚያ ሲመለስ፣ ቁልፍ ተካዩን ጀይላንን በገዛ መኪናው ላይ አገኘው።

«የሞቱት ሽማግሌው ናቸው፤ ምነው ውርሱ ከእኔ ጀመረ?»

«ምን አለህና እወርስሃለሁ? ዘይት የጠማው መኪና!»

ሰኞ ረፋድ ላይ ትምህርት ቤቱ ሦስት መቶውን ልብስ ቆጥሮ ተረከበ። ሰፊዎቹ ለመወሰን ሲሰበሰቡ አብዛኞቹ አብረው ለመቀጠል ፈቃደኞች ነበሩ። አው ሙሜ ግን መልስ የሚሹበት ነገር ነበራቸው።

«አንቺ በአፎቻሽ ስትጠሪ ማን ይተካሻል?»

ትእዛዝ የምትቀበለው፣ ከትምህርት ቤቱ ጋር የምትነጋገረው፣ ጨርቅ አቅራቢውን የምታውቀው ሩቂያ ብቻ ነበረች። ከሰፊዎቹ መካከል ብቸኛዋን ሴት፣ የሌላ አፎቻ አባል የሆነችውን ዋፊቃን ጠራቻት። ወንበር ስባ ከጎኗ አስቀመጠቻት፤ ጨርቅ አቅራቢው ዘንድ ደውላም ስልኩን በእጇ ሰጠቻት።

ዋፊቃ ጉሮሮዋን ጠርጋ ለሚቀጥለው ትእዛዝ ስንት ጥቅል ጨርቅ እንደሚያስፈልግ መናገር ስትጀምር፣ አው ሙሜ መቀሳቸውን ሊስሉ ተነሡ።