ለቅሶ ያልተደረሰው ጀግና

ወንድሜ ገብረ ሕይወት የሞተው በሁለት ሺህ አምስት ዓ.ም. በጥር ወር ነው። ቡሬ ላይ እህል ጫኝና አውራጅ ነበር። በቆሎ የጫነ መኪና ላይ ከጆንያው በላይ ተቀምጦ ሲሄድ መኪናው ተገለበጠ። ቀብሩ ላይ ቆሜ አፈር ሲመለስ አየሁ፤ አላለቀስኩም። አክስቴ ትከሻዬን ይዛ፣ «አልቅስ እንጂ ክንዱ፣ ውስጥህ ይታመቅብሃል» አለችኝ። እሺ አልኳት። በአራተኛው ቀን ፍኖተ ሰላም ተመልሼ ክፍል ገባሁ።

የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ደግሞ አስካለ ማርያም የምትባል ሴት ቪዲዮ ቤት ውስጥ ማይክሮፎን ይዤ ፊልም አስተረጉማለሁ። ቀድሞ ሥራው ቀላል ነበር። ጀግናው ቀይ ለብሶ ይበራል፣ ሌባውን ወንዝ ውስጥ ይወረውርና ይስቃል። እኔም ቀልድ እየጨመርኩ ሰዉን አስቀው ነበር። በእነዚያ ዓመታት ግን ከአዲስ አበባ የሚመጡልን ፊልሞች ጠቆሩ። ጀግናው ግራጫ ብረት ይለብሳል፣ በጉሮሮው ያወራል፣ ከተማው ሁልጊዜ ይዘንብበታል። ያዳነው አይደሰትም፤ የዳነውም አያመሰግነውም። አስካለ ማርያም እየተነሣች የቴሌቪዥኑን ብርሃን ትጨምራለች፤ ለውጥ የለውም።

«ክንዱ፣ ቴሌቪዥኑ ነው ወይስ ሰዎቹ ናቸው?»

«ሰዎቹ ናቸው እትዬ።»

እውነቱን ለመናገር ከጥር ወዲህ ፊልሞቹ ተስማምተውኝ ነበር። ቀልድ አይጠይቁም። ቃለ ጉባኤ እንደሚያነብ ሰው ዓረፍተ ነገሩን እየተቀበልኩ ማስተላለፍ ብቻ ነው።

በየካቲት አጋማሽ እናቴ ደወለች።

«የፊታችን እሑድ አርባው ነው። ትመጣለህ?»

«የተማሪ ፈተና አርማለሁ። የአንድ ለአምስት ስብሰባም አለብን።»

«እሑድ ነው እኮ ያልኩህ ልጄ።»

«እስቲ አያለሁ» አልኳት። አልተቆጣችም።

ከእሑዱ በፊት ባለው ቅዳሜ እንደ ልማዴ ቪዲዮ ቤት ገባሁ። ፊተኛው አግዳሚ ላይ አቶ እጅጉ የሚባሉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ከማንኩሳ በርበሬ ይዘው መጥተው፣ ሸጠው መኪና እስኪሞላ የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል።

ፊልሙ ተጀመረ። ድልድይ ተደርምሶ የጀግናው ሚስት ሞተች። ቀብሯ ላይ ጥቂት ሰዎች ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ቆሙ። አንዱ የጀግናውን ትከሻ ነካ አደረገና ሁሉም ወደየመኪናው ገባ። ሰውየው ትልቅ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ጨለማ ላይ ተቀመጠ። ሲነጋ ብረት መቀጥቀጥ ጀመረ።

«ቆይ መምህር» አሉ አቶ እጅጉ። «ስንት ሰው ነው የቀበራት?»

«ዐሥራ አንድ።»

«ማን አብሮት አደረ?»

«ማንም።»

«ጎረቤት የለውም? ሦስት ቀን እንኳ አልተቀመጠም?»

«አልተቀመጠም አባባ። በማግሥቱ ሥራ ገባ።»

«እንግዲህ ይኼ ሰው ታሟል። ገና ብዙ ያጠፋል።»

ሰዉ ሳቀ። ከኋላ አንዱ «ፊልሙን እንይበት አባባ!» አለ። እኔ ማስተርጎሜን ቀጠልኩ። ጀግናው አንድ ሰው ለመያዝ ሲል የከተማውን ግማሽ አፈረሰ። አቶ እጅጉ ዘወር ብለው፣ «አላልኩም?» አሉ።

ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው መብራት ጠፋ። የሚነሣ ሰው የለም። አስካለ ማርያም በሩን ከፍታ ብርሃን አስገባችና፣ «አይተኸው የለ? መጨረሻውን ንገራቸው» አለችኝ።

«ጠላቱን ይገድለዋል» አልኩ። «ከዚያ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ዝናብ ይዘንባል። ይቆማል።»

«ከዚያስ?»

«አለቀ።»

«ቤቱ አይገባም?» አሉ አቶ እጅጉ።

«አይገባም።»

«እንግዲያ አንተ አስገባው። እስካሁን ባንተ አፍ አይደል ሲናገር የዋለው?»

ሌሎቹም «አስገባው፣ አስገባው» አሉ። ሰው ደስ ይበለው ብዬ ጀመርኩ።

«ከጣሪያው ወረደ። ደጁ ላይ ድንኳን ተተክሏል።»

«ማን ተከለለት?» አለች አንዲት ሴት።

«እድሩ። ሰዉ ከየቤቱ ወጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ና አረፍ በል አሉት። ብረቱን አውልቅ አሉት።»

«አወለቀ?»

«እጁ ዝሎ ነበር። ሰው አወለቀለት።»

«አለቀሰ?» አሉ አቶ እጅጉ።

አዎ ማለት ነበረብኝ፤ ሰዉ የሚጠብቀው እሱን ነው። አልመጣልኝም።

«አላውቅም» አልኩ። «ተቀመጠ። እስከዚያ ድረስ ነው የማውቀው።»

ሽማግሌው ትንሽ አዩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማን ሞቶብህ ነው ልጄ?» አሉ።

«ወንድሜ» አልኩ፤ ቀኑ ስንት ነው ተብሎ እንደተጠየቀ ሰው። «ነገ አርባው ነው።»

ከዚያ ከየአግዳሚው «ነፍስ ይማር»፣ «እግዜር ያጥናህ» ሲሉ ሰማሁ። አስካለ ማርያም በሩን ለቃ መጣች።

«ወንድምህ? አምስት ቅዳሜ እዚህ አብረን ስንቀመጥ? ለእኔ ሳትነግረኝ?» ከልቧ ተቀይማለች።

እሑድ ገና ሲነጋጋ ደጄን አንኳኳች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። «ተነሥ፣ የቡሬ መኪና እየሞላ ነው» አለችኝ። ተነሣሁ። እምቢ ማለትም ጉልበት ይጠይቃል።

መንገድ ላይ የወንድሜን ስም ጠየቀችኝ። «ምን ይወድ ነበር?» አለች። ነገርኳት። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እንኳ ያፏጫል፣ እናቴ ትቆጣዋለች፤ ተወራርዶ ሁለት ጆንያ ባንዴ ይሸከማል። በመስኮቱ እርሻውን እያየሁ ነበር የማወራው። እሷ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች።

እናቴ ደጅ ከተተከለው ድንኳን ስንደርስ አስካለ ማርያም ድምፅዋን አሰማች። አይታው የማታውቀውን ሰው፣ «ፉጨትህ የት ገባ ገብረ ሕይወት፣ ጆንያው ቀለለህ ወይ» እያለች አለቀሰችው። እናቴ ተነሥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አክስቶቼ ጮኹ። እኔ የሆነ ነገር እንዲመጣ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ከእናቴ ጎን አስቀመጡኝ። ምግብ ሲሰጡኝ በላሁ፤ ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ መለስኩ። ካህናቱ ፍትሐት አድርሰው ሲወጡ እናቴ እጄን ያዘችው።

«ቀዝቅዟል» አለች፤ ጋቢዋ ውስጥ ከተተችው። እዚያው ተውኩት።

አስካለ ማርያም በማታው መኪና ተመለሰች። እኔ ሰኞ ትምህርት ነበረኝ፤ አልሄድኩም፤ ለትምህርት ቤቱም አልደወልኩም። ጠዋት ጎረቤቶች ድንኳኑን ሊያፈርሱ መጡ። ቁጭ ብሎ ማየቱ ስላልሆነልኝ ተነሥቼ ካስማ መንቀል ጀመርኩ። መሬቱ ደርቆ ስለነበር አንዱ አልነቀል አለኝ። ስሙን የማላውቀው ሰው መጥቶ አብሮኝ ሳበ።