የተቸነከረው በር

ቤታችን ቁጥሩ አንድ፣ በሩ ግን ሁለት ነበር። ዱሮ የአንድ ቡና ነጋዴ ነበር ይባላል። ከትርፍ ቤት አዋጁ በኋላ ቀበሌ ወረሰውና የመካከሉን በር በምስማር ቸንክሮ ለሁለት ተከራይ አከራየው። በባሮ ወንዝ በኩል ያለው ግማሽ ለእኔና ለባለቤቴ ለገሠሠ ደረሰን፤ በመንገዱ በኩል ያለው ለአጁሉ። አጁሉ አኙዋክ ናት። በሆስፒታሉ ቁስል የምታጥብና የምታሽግ ድሬሰር ስትሆን አራት ልጆቿን ብቻዋን ታሳድጋለች። እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ገሠሠ በአውሮፕላን ማረፊያው የሬዲዮ ሠራተኛ ነበር።

የተቸነከረው በር በእኛ በኩል የገሠሠ የመጽሐፍ መደርደሪያ፣ በእነሱ በኩል የልጆቹ አልጋ ተጠግቶት ነበር። እንጨቱ ስስ ስለሆነ ድምፅ ያሳልፋል። ገሠሠ ካረፈ በኋላ አጁሉ በየማለዳው ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት በሩን በጣቷ ሁለቴ ትመታለች። እኔም ከመደርደሪያው በላይ እጄን ዘርግቼ ሁለቴ እመልሳለሁ። ለምን እንደምናደርገው ተነጋግረን አናውቅም። መነሣቴን ማወቅ ፈልጋ ይመስለኛል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ለመነሣት ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ክልሉ ከተመሠረተ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ቢሮ በላይ በላዩ ይከፈታል። ከጎግ፣ ከአቦቦ፣ ከኢታንግ ሰው እየተሾመ ይመጣል፤ ከአዲስ አበባም ባለሙያ ይላካል። ለቢሮው ሰሌዳ ይሰቀልለታል፣ ለሰውየው ግን ማደሪያ የለም። እኛ ትምህርት ቤት አዲስ የተመደቡ መምህራን ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲያድሩ ከርመዋል። የግል ቤት ያለው ሰው ኪራይ በየወሩ ይጨምራል። በዚህ መካከል ነው የቀበሌ ቤቶች ለነባር ተከራዮቻቸው ይሸጣሉ የተባለው፤ ዋጋው ዝቅ ያለ፣ ክፍያው ከደመወዝ በጥቂት በጥቂቱ የሚቆረጥ። ከተማው በአንድ ጊዜ ስለ ቆርቆሮና ስለ ግድግዳ ማውራት ጀመረ።

የእኛ ግን ችግር ነበረበት። አንድ ቁጥር ለአንድ ገዢ ብቻ ነው የሚሸጠው። ሁለት ተከራይ ካለበት ሁለቱም ለየብቻቸው ኮሚቴ ፊት ቀርበው እገዛለሁ ወይም አልገዛም ይላሉ፤ ያሉትም እስኪለጠፍ ድረስ ለሌላው አይነገርም። ደንቡን ያወጡት በክፋት አልነበረም። ጉልበተኛው ተከራይ ደካማውን አስፈራርቶ እንዳያስለቅቅ ብለው ነው።

የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ቦጋለች በየዕረፍቱ ትመጣብኛለች።

«የሺዬ፣ ይሄ ቤት ካመለጠሽ አበቃልሽ፤ ነግሬሻለሁ።»

«አራት ልጅ ያላት እሷ ናት።»

«እሷማ አገሯ ነው! ወንድም አላት፣ ዘመድ አላት። አንቺ ማን አለሽ? የአንቺ ዘመድ እንደሆነ የቤተ ሙከራው እንቁራሪት ነው።»

ሳቅሁ። የቦጋለች ወንድሞች ሁለት ቤት ስለነበራቸው ነገሩ ለእሷ ቀላል ነበር።

በዚያው ሰሞን የአጁሉ ወንድም እየመጣ ሲቆጣት በበሩ በኩል እሰማ ነበር። አኙዋክኛዬ ደካማ ነው። ከንግግሩ ሁሉ የለየሁት «ቤት» የሚለውንና የራሴን ስም ብቻ ነው። በማግሥቱ ማለዳ ግን አጁሉ እንደ ወትሮው በሩን ትመታለች፤ እኔም እመልሳለሁ።

ቤቱን እፈልገው ነበር። ይህን መሸሸግ አይጠቅምም። የመስኮቶቹን ወንፊት ሽቦ ገሠሠ ነው በእጁ የወጠረው። በረንዳው ላይ ሲቀመጥ ጀርባውን የሚያሳርፍበት ምሰሶ ቀለሙ ለቅቆ ያንጸባርቅ ነበር። የሞተውም በባሮ በኩል ባለችው ክፍል ነው። ከዚያ ቤት ወጥቼ ከእሱ ምን ይዤ እንደምሄድ አላውቅም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ አጁሉ ቀሚሷን ጠቅልላ፣ ክንዷ ድረስ ነጭ ሆና የእሷን ግማሽ ኖራ ስትቀባ አገኘኋት። ትልቋ ልጇ ኛጆክ ባልዲ ይዛላት ቆማለች።

«ምነው በዚህ ሙቀት?» አልኋት።

«ግድግዳው አፍሮ ነበር» አለች። «አሁን ታጥቧል።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን ወደ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥሁ። ሰው የኪራይ ቤት ኖራ የሚቀባው የራሴ ይሆናል ብሎ ሲያስብ ነው፤ እንዲያ ነው የተረዳሁት። ሄጄ መጠየቅ እችል ነበር፤ በረንዳው አንድ ነው። ግን ብጠይቃት «ውሰጂው» እንደምትለኝ አውቅ ነበር። ውሰጂው ካለችኝ ደግሞ እንደምወስደው አውቅ ነበር። ስለዚህ አልጠየቅኋትም።

ኮሚቴው የሚቀመጠው በአንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ነበር። የኮሚቴው ጸሐፊ፣ ኮት የሚባለው፣ ከጎግ መጥቶ እኔ ዘንድ የተማረ ልጅ ነው። ጠረጴዛው ሥር የተጠቀለለ ፍራሽ አየሁ።

«ቲቸር፣ ግቢ። በወንበሩ ግን አትተማመኚ፣ ቀስ ብለሽ ተቀመጪ።»

«እዚህ ነው የምታድረው?»

«ለጊዜው ነው። ቤት የምሸጠው እኔ፣ ቤት የሌለኝም እኔ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ብዕሩን አነሣና እንደ ሹም ሆነ። «ቤቱን ትገዢዋለሽ?»

«ለአጁሉ ይሁን።»

«ለአጁሉ የሚል ቦታ የለንም፣ ቲቸር። እገዛለሁ ወይም አልገዛም ነው።»

«እንግዲያስ አልገዛም።»

አልጻፈም። ብዕሩን አስቀመጠ። «ከእሷ ጋር ተነጋግራችኋል?»

«ይህም ይጠየቃል እንዴ?»

«አይጠየቅም። እኔ ነኝ የጠየቅሁሽ።»

«አልተነጋገርንም።»

«ሳምንት ጊዜ አለሽ። ሐሳብሽን ከቀየርሽ በዚሁ በር ትመጪያለሽ» አለና ጻፈ።

በዚያ ሳምንት አጁሉ በየማለዳው በሩን ትመታለች፣ እኔም እመልሳለሁ። አንድ ጊዜ ከመታች በኋላ እዚያው ስትቆም ተሰማኝ። ልትናገር የፈለገች መሰለኝ። እኔም እጄን እንጨቱ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ከዚያ የእርምጃዋ ድምፅ ራቀ። ቤቱን ስለፈለገችው አፍራብኝ ይሆናል አልሁ። ሳምንቱ በዚህ ዓይነት አለፈ።

ማስታወቂያው የተለጠፈ ቀን ከክፍል ወጥቼ ስደርስ አጁሉ ነጭ ጋወኗን እንደለበሰች ከሰሌዳው ፊት ቆማለች። እንኳን ደስ አለሽ ልላት ተጠጋሁ። ፊቷን ሳይ ግን ወደ ሰሌዳው ዞርሁ። ከቤታችን ቁጥር ትይዩ «ነባር ተከራዮች ያልገዙት፤ ለጨረታ» ይላል።

«አንቺ አልገዛሽም?» አለችኝ።

«አንቺስ?»

«እኔማ ለየሺ ስጡ አልኩ! ለየሺ የሚባል ቦታ የለም አሉኝ። እንግዲያ አልገዛም አልኩ።» ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ሰዎች ዞር ብለው አዩን። «ምን ዓይነት ሴት ነሽ? ሰውዬሽ እዚያ ሞተ። እኔ አንቺን ከዚያ ቤት ላስወጣ? በምን ዓይኔ?»

«አራት ልጅ አለሽ፣ አጁሉ።»

«ልጆቼን ቆጠርሽ፣ እኔን ግን አልጠየቅሽ!»

«ኖራ ስትቀቢ አይቼ…»

«ለአንቺ ነዋ የቀባሁት! አጁሉ ቆሻሻ ቤት ትታልኝ ሄደች እንዳትይ።»

ከአጠገባችን የቆመ አንድ ሽማግሌ ጉዳዩ ሲገባው ሳቀ፣ ከዚያም በመሳቁ አፍሮ ባርኔጣውን አስተካከለና ሄደ።

ወዲያው ወደ ኮት ሄድን። ሁለታችንንም ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣ። ጊዜው እንዳለፈ፣ መዝገቡም ወደ ላይ እንደተላከ ነገረን። «መናገር አልተፈቀደልኝም» አለ። «በየቀኑ በሩን አይ ነበር። አንዳችሁ ትመጣላችሁ ብዬ።» አቤቱታ ጻፍን፤ እኔ አረቀቅሁ፣ ሁለታችንም ፈረምን። መልሱ ሁለታችሁም በፈቃዳችሁ አልገዛም ብላችኋል የሚል ነበር። እውነት ነው፣ ብለናል።

ቤቱን በጨረታ የወሰደው ባንተአምላክ የሚባል ነጋዴ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ክረምቱ እስኪወጣ ታገሠን፤ ለልጆቹም ብስኩት ያመጣ ነበር። ቤቱን የሸቀጥ መጋዘን ሊያደርገው ፈልጎ ስለነበር ዕቃችንን በምናወጣበት ቀን አናጢ ይዞ መጣ። አናጢው የገሠሠን መደርደሪያ ወደ ጎን ገፋና ከተቸነከረው በር ምስማሩን አንድ በአንድ መንቀል ጀመረ። ዝገት ስለበላው ሲነቀል ይጮኻል። በመጨረሻ በሩ ተከፈተ።

በወዲያ በኩል አጁሉ የተጣጠፈ ብርድ ልብስ ታቅፋ ቆማለች። ከኋላዋ ኖራ የተቀባው ግድግዳ ይታያል። በሁለቱም ወገን ያሉት መስኮቶች ስለተገጣጠሙ ከባሮ የሚመጣው ነፋስ ቤቱን አልፎ መንገዱ ላይ ወጣ። ያን ሁሉ ዓመት በሙቀት ስንታፈን ለካ በሩ ቢከፈት እንዲህ ይነፍስበት ነበር። ልጆቹ እየጮኹ ከዚህ ወደዚያ ሮጡ። አጁሉ የበሩን ደፍ ተሻግራ ወደ እኔ በኩል መጣች፣ ገሠሠ ያረፈባት ክፍል ድረስ። ብርድ ልብሱን እንደታቀፈች ዙሪያውን አየች።

«ሰፊ ቤት ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ሰፊ ነው» አልሁ።

«ለሁላችንም ይበቃ ነበር። አንዳችን ገዝተን፣ ምስማሩን ነቅለን…»

ይህ ሐሳብ ለሁለታችንም ከዚያ ቀን በፊት መጥቶልን አያውቅም። አንዷ ካገኘች ሌላዋ ትወጣለች ብለን ነበር የምናስበው። ማንም ግን እንዲያ አላለንም ነበር፤ ደንቡም አላለም።

አጁሉ ልጆቿን ይዛ በአቦቦ መንገድ ወንድሟ ግቢ ገባች። ከዚያ ሆስፒታሉ ሩቅ ነው፤ ማለዳ በጭነት መኪና ትመጣለች። አንዳንድ እሑድ እየመጣች ትጠይቀኛለች፤ እኔም እሄዳለሁ። ስለ ቤቱ አናነሣም። እኔ ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ኪራይዋ ቤቱን ብገዛ ኖሮ ከደመወዜ ከሚቆረጠው ይበልጣል። ቦጋለች ይህን አስልታ ነገረችኝ። የገሠሠን መጻሕፍት ግማሹን ለትምህርት ቤቱ ሰጠሁ። ምሰሶው እዚያው ቀርቷል።

በኒውላንዷ ክፍል ከግድግዳው ወዲያ የማላውቃቸው ወጣት ባልና ሚስት ይኖራሉ። በገባሁ ሰሞን አንድ ማለዳ ከእንቅልፌ በደንብ ሳልነቃ፣ በሩ የተመታ መሰለኝና እጄን ዘርግቼ ግድግዳውን ሁለቴ መታሁ።

«ማን ነው?» አለ ሰውየው ከወዲያ በኩል ደንግጦ።

«ማንም አይደለም» አልሁ። «ይቅርታ።»

ከዚያ ተነሥቼ ወደ ሥራ ሄድሁ።