ሁለት ደመወዝ ያለፈው ዕቃ

ኬሪያ ዕቃን የምትለካው በደመወዝ ነበር። በሳውዲዋ ደማም ከተማ፣ አል ፈይሰሊያ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች ጠባብ የልብስ ሱቅ ውስጥ ትሸጣለች፤ ደንበኞቿ የሰው ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ የሚገዙት ደመወዝ በተቀበሉ ሰሞን ብቻ ነው። አንድ ደመወዝ ያለፈውን ዓባያ ኬሪያ ከጥግ አውጥታ ከበሩ ፊት ለፊት ትሰቅለዋለች። ቶሎ ከሚሸጥ ሻርፕ ጋር አጣምራም ትሞክረዋለች። ሁለት ደመወዝ ካለፈው ግን አትለማመጠውም። የቆመ ዕቃ እሱም አይሄድ፣ የሚሄደውንም ቦታ ይይዛል። አጣጥፋ ከረጢት ውስጥ ትከተዋለች፤ አብራት የምትሠራው ሱዓድም ዓርብ ዓርብ ልትሸጠው ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ ኾበር ይዛው ትሄዳለች። ኾበር የሰው ዓይን ሌላ ነው፣ እዚህ የተናቀው እዚያ ይወደዳል ብለው ተማምነዋል።

ሱዓድ የወሎ ልጅ፣ ከኬሪያ ጋር የአንድ መንደር ሰው ናት። የመጡትም በአንድ አውሮፕላን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው። ልዩነታቸው ወረቀት ነው። ሱዓድ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አላት፤ ሱቁም የሚሠራው በእሷ ካፊል፣ ዋስ በሆናት አሠሪዋ፣ ስም ነው። ኬሪያ ግን ማዳሟ ቤት መከራው ሲበዛባት ወጥታ ስለሄደች፣ ካፊሏ «ጠፋች» ብሎ ሁሩብ አስመዝግቦባታል። ፓትሮል ካገኛት ወደ እስር፣ ከእስር ወደ አገር ነው። ስለዚህ የምታድረው ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው፤ ከሰፈሩም አትወጣም። ኾበር በታክሲ ቅርብ ነው፤ ለእሷ ግን ከደሴም የራቀ ነበር። ስለ ኾበር የምታውቀው ሁሉ ከሱዓድ አፍ የወጣውን ነው። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባል የለ!

ከረመዳን ወዲህ ሱቁ ታመመ። ሱዓድ ከጅምላ ገበያ ነው እያለች የምታመጣው ጥቅል ሲፈታ፣ እጅጌው እንደ መጋረጃ የተንዘረፈፈ፣ ዶቃው የረገፈ፣ ልኩ ወይ ለሕፃን ወይ ለግመል የሆነ ዓባያ ነው። ኬሪያ ትሰቅላለች፣ ታወርዳለች፣ ታጣምራለች። አልሄድ አለ።

«ያንን የወይራ ቅጠል መልክ ያለውን አምጪልኝ እንጂ! ሰዉ እኮ እሱን ነው የሚጠይቀኝ» ትላለች።

«ገበያው ላይ ማፊ፣ አልቋል። ደግሞ ዕቃው ላይ አታሳብቢ። ሸማች መያዝ አቅቶሽ ነው፣ ኬሪያ። እጅሽ ቀዝቅዟል።»

ኬሪያም አመነች፤ አለማመን አልፈጠረባትም። እንዲያውም ይቅርታ ጠየቀቻት። «ወላሂ አፈርኩብሽ፣ በኔ የተነሳ ከሰርሽ» አለች፣ እንባዋ እየመጣ። ሱዓድ አቅፋ አጽናናቻት። ያቺን እቅፍ ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ከዓስር ሶላት በኋላ፣ ሙኒት የምትባል ልጅ ዓባያ ልታሳጥር መጣች። ኬሪያ ከሽያጩ ጎን ልብስ ታሳጥራለችና ተቀብላ ዘረጋችው። ያ የወይራ ቅጠል መልክ ያለው ዓባያ ነው! አዲስ፣ ገና ሽታው ያልለቀቀ።

«ይሄን ከየት አገኘሽው?»

«ከሱቃችሁ ነዋ፣ ከኾበሩ። ሱዓድ ናት የሸጠችልኝ። ዛሬ ማዳም እህቷን ልትጠይቅ እዚህ ስትመጣ ተከትያት መጣሁ፤ ሱዓድ የምታሳጥር ሴት ደማም አለችኝ ስላለች።»

«የኾበሩ ሱቅ» አለች ኬሪያ፣ እንደሚያውቅ ሰው።

«ከረመዳን ጀምሮ እኮ ሰው አይጠፋበትም። እዚያ አልሸጥ ያለውን ነው አሉ ወደዚህ የምትልከው።» ሙኒት የተሰቀለውን ቀና ብላ አየችና ሳቀች። «አዎ፣ ይሄን ባለ መጋረጃውን አውቀዋለሁ! እኛ እምቢ ያልነው ነው። ‹ግድ የለም፣ ደማም ከሱቅ የማትወጣ ሴት አለችኝ፣ ቀስ እያለች ትጨርሰዋለች› ትለናለች።»

ኬሪያ መርፌውን አስቀመጠች። የቆመው ዕቃ ከደማም ወደ ኾበር የሚሄድ መስሏት ኖሯል፤ ለካ ከኾበር ወደ ደማም ነው የሚመጣው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ።

ሙኒት ፊቷን አይታ ነገሩን በሌላ ተረጎመችው። «ሁሩብ ነሽ እንዴ? አይዞሽ፣ እኔም ነበርኩ። መንግሥት ወረቀት ለሌለን ምህረት ያወጣ ጊዜ ሱዓድ በታክሲ እየወሰደች ነው የብዙዎቻችንን ወረቀት ያስጨረሰችልን። እግዜር ይስጣት! አንቺ ምነው ያኔ ሳትገቢ ቀረሽ?»

ያኔ ሱዓድ ለኬሪያ የነገረቻት ሌላ ነበር። «ቢሮ ድረስ ሄጄ ጠይቄልሻለሁ፤ ያንቺ ሁሩብ አይነሳም አሉ፣ ኸላስ፣ በቃ» ነበር ያለቻት። ኬሪያ የሙኒትን ዓባያ አሳጥራ፣ ተኩሳ፣ በፌስታል አድርጋ ሰጠቻት።

ወደ ማታ፣ የመግሪብ ሶላት ሳይደርስ፣ ሱዓድ አዲስ ጥቅል ተሸክማ ገባች። ኬሪያ አልፈታችውም።

«ይሄኛው ኾበር ስንት ደመወዝ አለፈው?» አለቻት።

ሱዓድ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ቆጣ አለች፣ ከዚያ ጥቅሉ ላይ ተቀመጠች። «ማን ነገረሽ? ይሁን። ብነግርሽ ምን ታደርጊበት ነበር? ሱቅ በሩ ላይ የሚቆምለት ሰው ይፈልጋል። አንቺ ያለ ወረቀት ኾበር ሄደሽ መቆም አትችይም። አሁንም ሙሽኪላ የለም፤ እዚህ ያለውን ዕቃ ሁሉ ውሰጂው፣ ያንቺ ነው።»

«ዕቃውን ተይው። እጄ የቀዘቀዘ መስሎኝ ስንቴ አልቅሼብሻለሁ፣ እሱንም ተይው» አለች ኬሪያ። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። በምህረቱ ጊዜ የኔን ወረቀት ጠይቀሽ ነበር?»

ሱዓድ የጥቅሉን ገመድ ትፈትላለች።

«ሱዓድ!»

«አልጠየቅኩም።»

«ለምን?»

«ወረቀት ካገኘሽ ትሄጂብኛለሽ። የራስሽን ሱቅ ትከፍቻለሽ።» ቀና አለች፤ እንባ አቅርራለች፣ እንባዋም የውነት ነበር። «የቆመ ዕቃ እንዳንቺ የሚያንቀሳቅስ ሰው ከየት አገኛለሁ፣ ኬሪያ? ዱባይ ድረስ ቢፈለግ አይገኝም።»

ኬሪያ ስትመኘው የኖረችው ምስጋና ይኸው መጣላት። ከበሩ ኋላ ዓባያዋን አንስታ ለበሰች።

ሱዓድ ብድግ ብላ መንገዱን ዘጋችና ሁለት እጆቿን ዘረጋች። «በአላህ ይሁንብሽ፣ በክፉ አንለያይ። ዱዓ አድርገን፣ አውፍ፣ ይቅር ተባብለን እንለያይ። እኔ ላድርግ፣ አንቺ አሚን በይ።»

«አሚን የሚልልሽ ፈልጊ» አለች ኬሪያ። ጥቅሉን ተሻግራ፣ ፓትሮል ይኑር አይኑር ሳታይ፣ በፊት ለፊቱ በር ወጣች።